ለዝውውር የተሰለፉት ዲን

ማክሰኞ ለት ሕልም አየሁ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ሰዓዳ ይማም እባላለሁ። የከተማችንን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አሥራ አንድ ዓመት አሰልጥኛለሁ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በስፖርት ደረጃ አራት ጨርሻለሁ። ዘንድሮ ከዞን ደብዳቤ መጣ፤ ዲግሪ የሌለው ወይም ለዲግሪ እየተማረ ያልሆነ አሰልጣኝ ቡድን መያዝ አይችልም ይላል። ልጆቹ ይህን የሰሙ ቀን ልምምድ ላይ አንዷም ኳስ በወጉ መምታት አልቻለችም። ስለዚህ የኮሌጅ ኮርሶቼ ተይዘውልኝ ስፖርት ማኔጅመንት ልማር ብዬ ለዝውውር ዩኒቨርሲቲ አመለከትኩ። ሁለት ጊዜ መለሱኝ። በሕልሜ ግን እነሱ ወደ እኔ መጡ።

ሰልፉ ከአጥራችን ተነስቶ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር። የተሰለፉት የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ይዘው ጥላ ይፈልጋሉ። ዶክተሮቹ የምረቃ ካባቸውን እንደለበሱ፣ ፎቶ ኮፒያቸውን አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍነዋል። እኔ የኩሽናችን መስኮት ላይ ተቀምጬ ነበር። እጄ ላይ ማኅተም አለ።

መጀመሪያ የቀረቡት ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ የመለሱኝ የሬጅስትራር ሠራተኛ። በዕድሜ እናቴን ያህላሉ።

«እትዬ ሰዓዳ፣ ወደ ደረጃ አራት መዛወር ፈልጌ ነበር» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው።

«ምን አለሽ?» አልኳቸው፤ አንቺ ብዬ።

«ማስተርስ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመትም ሠርቻለሁ።»

«ማስተርስ ከእኛ ኮርስ ጋር አይመጣጠንም። ልምድ ደግሞ አንቆጥርም።»

«ትንሽ ቢያዩልኝ።»

«ነገ ተመለሺ።»

እሳቸው ለእኔ ያሉኝ ቃላት ነበሩ፣ አንድም ሳይቀር። እንዲህ የምልበት ቀን ቢመጣ ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ደስ አላለኝም። ወይዘሮ የሺመቤት ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ማሸት ጀመሩ። እግራቸው አብጧል። ሁልጊዜ በመስኮት ስለማያቸው እግር እንዳላቸው እንኳ አስቤ አላውቅም።

ወዲያው ስታዲየም ነበርን፤ የመግቢያ ፈተና ልንፈትናቸው። ሣሩ የበቀለው ተመልካች መቀመጫው ላይ ነው፤ ወንበሮቹ ሜዳው መሃል ተደርድረዋል። ተመልካቹ እያለከለከ ይጫወታል፤ ተጫዋቾቹ ቁጭ ብለው ቆሎ ይቆረጥማሉ። የተሸነፈው ቡድን ዋንጫውን ወሰደ፤ ያሸነፈውም ሄዶ አጽናናው። ኳሷ ፊሽካ ነፍታ ዳኛውን ከሜዳ አስወጣችው።

«ምን አጠፋሁ?» አላት ዳኛው።

«ምንም። ተራህ ነው» አለችው።

የስፖርት ፋኩልቲው ዲን፣ ዶክተር ወንድይፍራው፣ ካባቸውን ሰብስበው ለፈተና ቀረቡ። ፈታኟ የቡድኔ አምበል ሐያት ነበረች፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ኳሷን ሰጠቻቸውና መረቡን አሳልፈው እንዲመቱ ነገረቻቸው። በመቷት ቁጥር መረቡ ቁመት ይጨምራል።

«ስለ ሰርቪስ አመታት ሦስት ጥናት አሳትሜያለሁ» አሏት።

«ጥናቱ መረቡን ያልፋል?» አለች ሐያት፤ የምሯን ነበር የጠየቀችው።

ዲኑ አሰቡ። «አያልፍም» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

ልጆቼ አዘኑላቸው። ሁለቱ ሄደው መረቡን ወዲህና ወዲያ ይዘው ወደ መሬት ጎተቱላቸው። ኳሷ አለፈች። ዲኑ ካባቸው እስኪገለበጥ ዘለሉ፤ እኛም አጨበጨብንላቸው።

ወደ መስኮቴ ስመለስ ሰልፉ መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት ብቻ ቆሟል። የበረኛ ጓንት አድርጓል። አባቴ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን በረኛ ነበር፤ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ከእኔ በዕድሜ አንሶ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አላወቀኝም።

«እትዬ፣ መዛወር ይቻላል?» አለኝ።

«ከየት ነው የምትዛወረው?»

«ከዚያ ማዶ።»

«ስንት ኮርስ ወስደሃል?»

«አንድ ብቻ ነው ያለው» አለኝ። «ዝም ማለት።»

ፎርሙን ተቀበልኩት። ምንም አልተጻፈበትም። እንደ ሌሎቹ አላመሳከርኩም፤ ማኅተሙን አንስቼ መታሁት። አልወጣም። ደግሜ መታሁት። ቀለሙ ደርቋል። አባቴ በትዕግሥት ይጠብቃል። ይሄኔ ወይዘሮ የሺመቤት በባዶ እግራቸው መጥተው ከቦርሳቸው የቀለም ሳጥን አወጡ።

«በኔ ቀለም ምቺው፣ ልጄ» አሉኝ።

ማኅተሙን ቀለሙ ውስጥ ነከርኩና ወደ ወረቀቱ ሳወርደው አንድ ሰው ትከሻዬን ነካኝ።

«እህቴ፣ ሰባ ሦስት ቁጥር አንቺ ነሽ?» አለኝ የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ። የሬጅስትራሩ ኮሪደር ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጭንቅላቴን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነበር። ከአገሬ የተነሳሁት ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት መኪና ነው።

መስኮቱ ላይ ወይዘሮ የሺመቤት ፋይሌን ከፍተው ጠበቁኝ።

«ማመልከቻሽን የዝውውር ኮሚቴው አይቶልሻል። ከአርባ አንዱ ኮርስ አሥራ ስምንቱን ተቀብሏል» አሉኝ። «እንግሊዝኛውን፣ ሂሳቡን፣ ኮምፒውተሩን። የስፖርቶቹን ግን አልተቀበለም።»

«ያመለከትኩት እኮ ስፖርት ማኔጅመንት ነው።»

«አውቃለሁ። መረብ ኳስ አንድን ከመጀመሪያው ትወስጃለሽ። እሱም በዚህ ሴሚስተር አይከፈትም፤ የሚያስተምር ሰው አጥተናል።» መነጽራቸውን አውልቀው ፋይሌን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «አሥራ አንድ ዓመት አሰልጥነሻል?»

«አዎ።»

ግራና ቀኝ አዩና ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። «በኔ ቢሆን አስተማሪ አድርጌ የምቀጥረው አንቺን ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ዲግሪ ይጠይቃል።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

«ለመመዝገብ የት ልፈርም?» አልኳቸው።