ያልዳነው አምፕሊፋየር

ርካሽ ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃውን ብቻ ይዞ አይገባም፤ ያለፈ ሕይወቱንም ተሸክሞለት ነው የሚገባው። ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም። ያስተማረኝ ቡታጅራ የገዛሁት ኤሌክትሪክ ጊታር ነው።

ለምን ገዛሁ? ዲግሪዬን ይዤ ወልቂጤ ስመለስ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ለአንዲቷ ቦክስ ጊታራቸው ተጫዋች ይፈልጉ ነበር። ተፈተንኩ፤ በለጥኩ። ሽማግሌያችን ጋሽ ደምሴ ግን «የተማረ ሰው አይበረክትም፣ ነገ አዲስ አበባ ይገባል» ብለው ቦታውን ለወንድማቸው ልጅ ለሳሙኤል ሰጡት። ይኸው እስከ ዛሬ አዲስ አበባም አልገባሁ፣ የመዘምራኑንም ጊታር አልያዝኩ። ታዲያ የራሴን ገዝቼ ቤቴ ብጫወት ማን ይከለክለኛል?

ወልቂጤ ብገዛ ወሬው ቀድሞኝ ቤት ይደርሳል ብዬ ቡታጅራ ሄድኩ። ምክር ለሚሻ ጀማሪ፦ ቀለሙ አያታልልህ። አንገቱ ካልተጣመመ፣ ክሩ ጣት ካልፈጀ፣ ከተቃኘ በኋላ ካልከዳህ ይበቃሃል። አምፕሊፋየሩም ከጎረቤት የማያጣላ ትንሽ ይሁን። ሻጩ የፈረሰ የሆቴል ባንድ ዕቃ ነበር የሚሸጠው። «ወላሂ፣ ይሄ ጊታር ጭፈራ እንጂ ሐዘን አያውቅም» ብሎ ሰክቶ አሰማኝ። ድምፁን ስሰማ ጋሽ ደምሴን ይቅር ልላቸው ጥቂት ነበር የቀረኝ። ጊታሩንና በካርቶን የታሸገ አምፕሊፋየሩን ገዝቼ ተመለስኩ።

ጥፋቴ የሻጩን ቃል ለእናቴ መድገሜ ነው። በሩ ላይ ቆማ፣ ሰካራም ሲያስጨፍር የኖረ ዕቃ ሳይጸለይበት ቤቷ እንደማይገባ አስታወቀች። አምፕሊፋየሩን ግን ካርቶኑን አይታ፣ ስትመኘው የኖረችው የኤሌክትሪክ ምድጃ መስሏት በደስታ አሳለፈችው።

እሑድ ጊታሬን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ጭነው፣ «ጌታ ሆይ፣ ከዓለም ያወጣኸውን ይህን ጊታር ለቤትህ አገልግሎት ስለ ለየኸው ተመስገን» ብለው ጸለዩ። ጉባኤው አሜን አለ። እኔም እንደ ልማዴ ከሁሉ ጮክ ብዬ አሜን አልኩ። ዐይኔን ስገልጥ ጊታሩ ሳሙኤል ትከሻ ላይ ተንጠልጥሏል። አሜን ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ በምን አፉ ይከራከራል?

ማክሰኞ ሳሙኤል አንገቱን ደፍቶ ቤት መጣ። በእውነት እንዳፈረ፣ እኔ እንደምበልጠውም ያን ጊዜም ያውቅ እንደነበር ነገረኝ። ይህን አንድ ቃል ስንት ዓመት ነው የጠበቅኩት! ቀጥሎ ግን ጊታሩ ያለ አምፕሊፋየር የትንኝ ድምፅ እንደሚያወጣ አስረድቶ፣ «ወንድሜ፣ እሱንም አምጣውና ይጸለይበት» አለኝ።

አምፕሊፋየሩ ልቡ ደንዳና እንደሆነ፣ ብዙ ትምህርት እንደሚያስፈልገው፣ ጊታሩ ግን እየመጣ ቢጠይቀው ደስ እንደሚለኝ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሳሙኤል በየሳምንቱ ጊታሩን አዝሎ ይመጣል። እኔ እጫወታለሁ፤ እሱ ያደምጣል፤ እናቴም ምድጃው የሚዘምር መሆኑን ተቀብላለች።

ጋሽ ደምሴ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር አምፕሊፋየሩ መቼ እንደሚድን ይጠይቁኛል።

«የተማረ ነው፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ «ቶሎ አያምንም።»