ወደ ቀኝ ብቻ የዞረችው ጣሳ ዜና

በዘመነ ዋንግዱ፥ ታላቅ ወንድሙ ቶብጌ በበረዶ ናዳ በጠፋ በዓመቱ፥ በካትማንዱ መብራት ሳይጠፋ በዋለበት በዚያ ብርቅ ቅዳሜ፥ ጥቁርና ነጭ ፊልም በቤቱ የሚያጥበው፥ የጓዳው ጌታ፥ የመድኃኒቱ ቀማሚ፥ ዋንግዱ ዘሰፈረ ቦድሃ ለዘመቻ ተነሣ።

ሊያጥበው የተነሣው ፊልምም ከቶብጌ ካሜራ የወጣ የመጨረሻው ነበር። ቶብጌ ሰውን ሁሉ ሲያነሣ ኖሮ የራሱ ፎቶ አንድ ስንኳ አልተረፈለትም፤ ወደ ተራራው ሊሄድ ሲል ግን መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ራሱን እንዳነሣ፥ ካሜራውንም እዚያው ትቶ እንደ ወጣ ሚስቱ ዴኪ አይታለች። ያን ንጋት እናቱ እማማ ያንግዞም የሰፈሩን መቅደስ በጸሎት ሊዞሩ ወጥተው ነበርና፥ በመንገደኛ አንገት የሚደረገውን ነጭ የሐር ሻሽ ሳያደርጉለት ሄደ፤ ሻሹም እስከ ዛሬ ከሳጥናቸው አልወጣም።

ወእምዝ ሠራዊቱ ተሰለፈ፦ ዴኪ የውሃ ማንቆርቆሪያ ተሸክማ፥ ጎረቤቱ ምንጣፍ ሻጩ ጊያልፖ ሰዓት ይዞ፥ ጠላት አይቶ የማያውቀው ውሻም በር ላይ ተጋድሞ። ዋንግዱም ፊልሙን ብርሃን እንዳያበላሸው ከወፍራም ብርድ ልብስ ሥር ተሸሽጎ ፊልሙን በጥቁሯ ጣሳ ውስጥ ጠቀለለ፥ ክዳኗን ገጥሞ መድኃኒቱን ጨመረ፥ ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ሞተር በገዛ እጁ ባበጃት ማዞሪያ ላይም አጋደማት፤ እርስዋም መድኃኒቱ እኩል እንዲዳረስ ጥቂት ወደ ቀኝ ዞረች፥ ከዚያም እንደ ተሠራችበት ሥርዓት ወደ ግራ ተመለሰች።

ያን ጊዜ እማማ ያንግዞም፥ የጸሎት መንኮራኩር ከቀኝ በቀር ወደ ሌላ ሲዞር በዕድሜያቸው ያልፈቀዱ፥ ሶኬቱን ነቅለው አወጁ፦ «ወደ ግራ?! በልጄ ፊት ላይ? ስሙ፥ በዚህ ቤት ወደ ግራ የሚያዞር ሰው እራቱን ከውሻው ጋር ውጭ ይበላል!»

ዋንግዱም አወጀ፦ «እማዬ፥ ጣሳዋ ከቆመች ፊልሙ ይበላሻል፤ ባንድ ወገን ብቻ ከዞረችም ይዥጎረጎራል! በሞቴ ልቀቂው!»

እማማም መልሰው አወጁ፦ «ሞት አትጥራብኝ! አንዱ ይበቃኛል። ቆመች አልክ? ይኸው ዞረች።»

ይህን ብለው ጣሳዋን ይዘው፥ ጸሎታቸውን እያነበነቡ፥ በእጃቸው ወደ ቀኝ ያዞሯት ጀመር፤ ጊያልፖም «በቃ እማማ፥ ሰዓቱ ሞላ! ክንድዎ ይረፍ!» ብሎ እስኪያውጅ ድረስ አላረፉም። ስንቱን የመብራት ፈረቃ ድል የነሣው ዋንግዱ ግን ጣሳዋን ቢነጥቃቸው ወንድሙን ዳግመኛ እንዳያጣ ፈርቶ፥ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

ከዚያም መድኃኒቱ ተደፋ፥ ፊልሙ በውሃ ታጠበ፥ በገመድ ተሰቅሎ ደረቀ፥ ፎቶውም በወረቀት ታተመ። እነሆ ቶብጌ በመስኮቱ አጠገብ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል! ነገር ግን ጣሳዋ በአንድ ወገን ብቻ ስለ ዞረች፥ ከአንገቱ እስከ ደረቱ የሚወርድ ነጭ መስመር ወጥቶበት ነበር። ዋንግዱ ጥፋቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት፥ እማማ ያንግዞም ፎቶውን ከእጁ ነጥቀው፥ በመስኮት ብቅ ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወጁ፦ «ሻሹን አድርጎታል! ኑ እዩልኝ፥ ልጄ ሻሹን አድርጎ ነው የሄደው!»

ዋንግዱም አፉን ዘጋ።

እንግዲህ ክብርና ምስጋና ለዋንግዱ ይሁን፥ በመድኃኒት ሊቅ፥ በሞተር ጠቢብ፥ ከሁሉ ይልቅ ዝም በማለት ኃያል ለሆነው፤ ማዞሪያዋም ወደ ግራ መዞርን ለዘላለም ትረሳ ዘንድ፥ በዚያው ማታ የሚመልሳትን ሽቦ በገዛ እጁ ቆረጠ።