ወደ አምስት ያደላ አራት

አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሕንፃ የሚባለው ሁለት ነገር ሲሟላለት ነው፤ የማይሠራ አሳንሰርና ከሐኪም በላይ የሚያውቅ አስታማሚ። ይሄ አስታማሚ የትም አለ። የታመመው አጎቱ ይሁን የጎረቤቱ አማት ለውጥ የለውም። የመድኃኒቱን ስም ከነሚሊግራሙ ያነበንባል፣ ሐኪሙን ያርማል፣ አንተንም ገና ሰላም ሳይልህ ምላስህን አሳየኝ ይልሃል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ከሩቅ ካየሁ መንገድ እቀይር ነበር። የእኛው ግን የሚኖሩት ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃችን ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ክቡር ሊቀ ቀለማት እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ናቸው። በአንድ የቀለም መደብር ጓዳ ሠላሳ አራት ዓመት ቀለም ሲቀምሙ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ያለችው እሜቴ የምትባል ግራጫ ድመት ብቻ ናት።

የእሜቴ ኩላሊት ደክሟል። ኩላሊት ሲደክም ሰውነት ደም መሥራት ይሰንፋል፤ የደም ማነስ ይሉታል። አይድንም፤ በእንክብካቤ ይያዛል እንጂ። ይህን የነገረቻቸው የእንስሳት ሐኪሟ ናት። በሳምንት አንድ መርፌ፣ በየቀኑ ከምግብ ጋር የሚደባለቅ መድኃኒት አዘዘችና ስትሸኛቸው፣ «ጋሼ፣ ድዷን እየገለጡ ይዩ፤ ሮዝ መሆን አለበት» አለቻቸው።

ስህተቷ ይሄ ነበር። ለቀለም ቀማሚ «ሮዝ» ብሎ መንገር፣ ለፖስተኛ «እዚያ ማዶ ለሚኖር ሰው ስጥልኝ» እንደማለት ነው።

«የትኛው ሮዝ?» አሉ። ሐኪሟ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

በማግስቱ ከድሮ መደብራቸው የቀለም ናሙና ካርድ ይዘው መጡ፤ ኖራ ከመሰለ ነጭ ጀምሮ እስከ ደማቁ ድረስ ሰባት ደረጃ ያለው ሮዝ። ኩባንያው ለሦስት ቁጥር «የማለዳ እስትንፋስ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ለመኝታ ቤት ግድግዳ ያማረ ነው፤ ለድድ ግን ሞት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት የወጥ ቤት መስኮት ሥር ሥርዓቱ ይፈጸማል። «እሜቴ፣ ይፍቀዱልኝ» ይላሉ። በአውራ ጣታቸው ከንፈሯን ከፍ ያደርጋሉ፣ ካርዱን ያስጠጋሉ፣ ዓይናቸውን ያጨነቁራሉ፤ ከዚያ ሐኪሟ ጋ ይደውላሉ። «ልጄ፣ ዛሬ አምስት ናቸው። እንዳትጨነቂ።» ሐኪሟን አንቺ፣ ድመቷን እርስዎ።

ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ጥያቄ አለቻቸው፤ «በምን ብርሃን?» የምትል። አዲስ ኮት ገዝቼ ሰማያዊነቱን ሳወድስ፣ «በምን ብርሃን ገዛኸው?» ብለው ወደ ደረጃው መስኮት ጎተቱኝ። አረንጓዴ ነበር። ታች ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ልጇ የወደደችው ወጣት መልከ መልካም መሆኑን ስታወራ፣ «በምን ብርሃን አየሽው?» አሏት። «በአዳራሽ መብራት» አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሷም ልጁን በማግስቱ ቀትር ላይ ለምሳ ጠራችው።

ባለፈው ወር የእህታቸው ልጅ ሠርግ ሆነና ሌላ ከተማ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ቁልፉን፣ ካርዱንና እሜቴን ለእኔ አስረከቡኝ። «ሦስት ሰዓት፣ መስኮቱ ሥር» አሉኝ፤ ደጋግመው። ያ ቀን ለምሠራበት ጋዜጣ ጽሑፍ የማስረክብበት ስለነበር እላይ የወጣሁት ሲመሻሽ ነው። መብራት አበራሁ፣ ከንፈሯን ገለጥኩ፣ ካርዱን አስጠጋሁ። ስድስት። ኮራሁና ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ እሜቴ ስድስት ገብታለች።»

ከጀርባቸው የሠርግ ዘፈን ይሰማል። «በምን ብርሃን?»

«በወጥ ቤቱ አምፖል።»

«ያ አምፖል ቢጫ ነው።»

«ታዲያ ካርዱም አብሮ ይቀየር የለም እንዴ?»

«ቀለምና ሥጋ በአምፖል ሥር እኩል አይዋሹም» አሉ። «አሁን የት ናቸው?»

«መታጠቢያ ቤት ወለሉ ላይ ተኝታለች። እራቷንም አልነካችም።»

ስልኩ ተዘጋ።

ጎህ ሲቀድ የሠርግ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከአውቶብስ ወርደው መጡ። እሜቴን አቅፈው መስኮቱ ሥር ቆሙ፤ በቂ ብርሃን እስኪመጣ ጠበቁ። «ሁለት» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ክሊኒኩ ሲከፈት ሐኪሟ ደሟን መርምራ ፊቷ ተለወጠ። «ዛሬ ደም ካላገኘች አትተርፍም» አለች። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ቤቴ ሮጬ ሻለቃን አመጣሁ። ሻለቃ ሰባት ኪሎ የሚመዝን፣ በሕይወቱ ለማንም ምንም ሰጥቶ የማያውቅ የእኔ ድመት ነው። የደማቸው ዓይነት ተመረመረና ተስማማ። ሻለቃም ማደንዘዣ ተወግቶ፣ ፈቃዱን ሳይጠየቅ፣ በጎ አድራጊ ሆነ።

ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ሲገባ ሐኪሟ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «ሰባት ወር ሙሉ የሚነግሩኝን ቁጥር ከምርመራው ውጤት አጠገብ ስጽፍ ነው የቆየሁት» አለችኝ። «መጀመሪያ ለሳቅ ነበር። አንድም ቀን አልሳቱም።» ዞር ብዬ አየኋቸው። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ግድግዳ ሲያሳምሩበት የኖሩትን ዓይን፣ ጣት በማታህል ድድ ላይ አውለውታል። ስንት ዓመት ስቀልድባቸው የኖርኩትን ሰው ያን ቀን በግርምት ቆሜ ስመለከት ዋልኩ።

እሜቴ እዚያው አደረች። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ የክሊኒኩ መስኮት ሥር ተሰበሰብን። ጋሼ ከንፈሯን ገልጠው ካርዱን አስጠጉ፤ ቆዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አደረጉት፣ መልሰው አወለቁት። እንባው እየቀደመ አላሳይ አላቸው። ካርዱን ለእኔ ዘረጉልኝ።

«አንተ አንብብልኝ።»

«እኔ? ጋሼ፣ እኔ እኮ ከትናንት ወዲያ…»

«አሁን መስኮት ሥር ነህ። አንብብ።»

ደስ እንዲላቸው ስድስት ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሳቸውን መዋሸት አልሆንልህ አለኝ። ካርዱን ወደ ላይ ሳብኩ፣ ወደ ታች መለስኩ።

«አራት» አልኩ። «ወደ አምስት ያደላ።»

ጋሼ ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወደ እሜቴ ጆሮ አስጠጉ። «ሰሙ?» አሏት፤ «ወደ አምስት ያደላ ነው የሚለው።»