ጋሽ ጥዑመልሳን የሚያውቋቸው ሰዎች

ሐበሻ በሰፈረበት አገር ሁሉ፣ እኛ ልንሄድበት ባሰብነው መንገድ ቀድሞን ሄዶ ያለቀለትን ምስኪን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። መኪና ልገዛ ነው ስትሉት ያንኑ መኪና ገዝቶ የተቃጠለ ሰው ያውቃል። ላገባ ነው ስትሉት ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ከዳላስ እስከ ፎርት ወርዝ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙልን ክቡር ጋሽ ጥዑመልሳን ናቸው። በሁለቱ መሐል ባለችው በዩለስ ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ያንን ስም ያወጣላቸው ሰው ምን ታይቶት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አየለ ሜስኪት ከተማ ውስጥ ቤት የገዛ ጊዜ ለምርቃቱ ተጠርተው መጡ። ጣራውን ቀና ብለው አዩና፣ «አንድ ሰው አውቃለሁ፤ እዚሁ ገዝቶ፣ አውሎ ነፋስ ጣራውን ነቅሎበት ሌላ ከተማ፣ ቤድፎርድ ድረስ ሄዶ ለቀመው» አሉ። ከዚያ ዳቦውን ቆርሰው መረቁ። ዕፀ ሕይወት ጂም ስትመዘገብ ደግሞ፣ የመሮጫው ማሽን አልቆም ብሏት ስትሮጥ ያመሸች ሴት ያውቁ ነበር። ሰው ይስቅባቸዋል፣ ይናደድባቸዋል፤ የተናገሩት ግን አንዴ ጆሮ ከገባ አይወጣም።

ዓለምሸት ቤድፎርድ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ረዳት ነርስ ናት። ልጆቿ ከጓደኛዋ ከሔራን ጋር በመርከብ እስያን እንድትዞር ትኬት ሲቆርጡላት፣ ምሥራቹን ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ተናገረች። ጋሽ ጥዑመልሳን የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ሆንግ ኮንግም ትቆማላችሁ?»

«አዎ ጋሼ። ቀኑን ሙሉ ፍሪ ነን።»

«አንዲት ሴት አውቃለሁ» አሉ። «እዚያ ከመርከብ ወረደች። ገበያው ደርቶላት ሰዓቱን ረሳች። ስትመለስ መርከቡ የለም። መርከብ እንደኛ ሠርግ ሰው እስኪሟላ አይጠብቅማ። እስከ ዛሬ እዚያው ናት፤ ቋንቋውን ለምዳ ዶሮ ትሸጣለች አሉ።»

ዓለምሸት ሳቀች። ሳቋ ሆንግ ኮንግ ድረስ አልዘለቀም።

ሔራን በዚያን ቀን ሆዷን አሟት ካቢኗ ቀረች። ዓለምሸት የመርከቡ በር ከቀኑ በአሥር ሰዓት እንደሚዘጋ ለራሷ ደጋግማ እየነገረች ብቻዋን ወረደች። እሷ የመጣችው እግረኛ ሲታይ «መኪናው ተበላሽቶበት ነው» ተብሎ ከሚታዘንበት አገር ነው። እዚህ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው፤ ፎቁ ሰማዩን ከልሎታል። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ አውቶቡስ ያዘች፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻገረች፣ ፎቅ ያለው ትራም ላይ ወጣች። ሥጋ ቤት መስኮት ላይ የተሰቀለ ዶሮ ባየች ቁጥር ሻጯን አተኩራ ታያለች፤ ሐበሻ እንዳትሆን።

ደኅና ነበረች። ያጠፋት አስተዳደጓ ነው። አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ሁለት ከባድ ከረጢት አንጠልጥለው ሊወርዱ ሲታገሉ አየች። አዛውንት ሸክም ይዘው እያዩ ዝም ማለት በዓለምሸት ቤት አልተለመደም። «ይምጡ እናቴ» አለች በአማርኛ፤ ከረጢቶቹንም ተቀብላ አብራቸው ወረደች። ቤታቸው ቅርብ መስሏት ነበር። ዳገት ወጡ፣ ደረጃ ወጡ፣ ታጠፉ፣ ደግሞ ደረጃ ወጡ። ቤት ሲደርሱ አሮጊቷ ወንበር ሳቡላት፣ ሻይ ቀዱላት። የትልቅ ሰው ሻይ ትቶ መነሣት ነውር ነው። ሁለተኛውንም ጠጣች።

ስትወጣ መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነባት። ስልኳ ላይ ካርታውን ከፈተች፤ ቦታዋን የሚያሳየው ነጥብ በፎቆቹ መሐል ግራ ተጋብቶ ከመንገድ መንገድ ይዘላል። ሰዓቱ ሄዷል። ፓስፖርቷም የደም ግፊት መድኃኒቷም መርከቡ ላይ ናቸው። ፈራች። ዶሮ የምትሸጠው ሴትዮ ፊቷ ላይ ድቅን አለች። ሔራን ጋ ብትደውል ስልኳ ዝግ ነው። ዳላስ ደግሞ ሌሊት ነው። በዚያ ሰዓት የሚያነሣ አንድ ሰው ብቻ ታወሳት።

ስልኩ ገና ሳይጠራ ተነሣ።

«የት ነሽ?» አሉ ጋሽ ጥዑመልሳን።

«ጋሼ፣ ጠፋሁ።»

«አንዲት ሴት አውቃለሁ» የሚለውን ጠበቀች። አልመጣም።

«ኦኬ» አሉ ቀስ ብለው። «ቁልቁለቱ በየት በኩል ነው?»

«በግራዬ።»

«ባሕር ያለው ከታች ነው። ወደዚያ ውረጂ። ስልኩን እንዳትዘጊ፣ እየሸኘሁሽ ነው።»

ወረደች። እሳቸው ከዩለስ «ደረጃውን አይተሽ» ይላሉ፤ እሷ እያለቀሰች ትቆጥርላቸዋለች። ትልቁ መንገድ ላይ ስትደርስ ቀይ ታክሲዎች ሰው ጭነው እያለፏት ሄዱ። በመጨረሻ አንዱ ቆመ። የመርከቡን ፎቶ አሳየችው፤ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ ገባች።

«በየት ይወስደኛል ጋሼ? ምልክቱ ላይ ዋሻ ይላል። ከባሕሩ ሥር ነው መሰለኝ የሚያልፈው።»

ስልኩ ውስጥ አንድ ታሪክ ጉሮሯቸው ላይ ሲታገል ተሰማት። ዋጡት።

የዋሻው አፍ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመ። መጸለይ እንጂ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ዓለምሸት ፍርሃቷን ለማስታገስ ያህል ጠየቀች።

«ያቺ ዶሮ የምትሸጠው ሴትዮ... ማለቴ፣ ቤተሰብ የላትም? ፈልጎ የሚወስዳት?»

«የለችም።»

«ሞተች?»

«ኖራም አታውቅ። ማንንም አላውቅም ልጄ። ያ ጣራው የሄደበትም ሰው የለም። መልካም መንገድ ያልኩት ሰው ኮል አድርጎልኝ አያውቅም። ደርሶ ይረሳኛል። ታልቃለህ ያልኩት ግን በደረሰበት ሰዓት ይደውላል፤ ‹ጋሽ ጥዑመልሳን፣ ይኸው አልሞትኩም› ብሎ ሊያሳፍረኝ። ሶ፣ እኔም ያን ሰምቼ እተኛለሁ።»

ዓለምሸት ስንት ጊዜ ደውላ እንደሳቀችባቸው አስታወሰች። መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ ዋሻው ውስጥ ገቡ፣ ስልኩም ተቋረጠ።

ወደብ ስትደርስ ሠራተኞቹ መሰላሉን ሊያነሡ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች። ከኋላዋ በሩ ሲዘጋ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች፤ እስኪወጣላት አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ወደ መርከቡ ጣራ ወጣችና፣ ከተማዋ ቀስ እያለች ስትርቅ እያየች ደወለች።

«ጋሽ ጥዑመልሳን፣ ይኸው አልሞትኩም።»

ከወዲያ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። አልጋ ሲንቋቋ ሰማች።

«ተመስገን» አሉ። «አሁን የት ቆመሽ ነው የምታወሪው?»

«ውጭ፣ አጥሩ ጋ።»

«አንድ ሰው አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ጥዑመልሳን። «ልክ እንደዚያ ቆሞ ሲያወራ ስልኩ ባሕር ገባበት።»

ዓለምሸት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።