«ኤጊ» የተባለው ፍሮምሳ

ኦቦ ፍሮምሳ በዝናብ እያለቀሰ ከአምቦ እስከ ጉደር በእግሩ ሄደ ተብሎ ተወራ። ሐሰት ነው። ሲያለቅስ ያየው የለም፤ በፊቱ የወረደው ዝናቡ ነው። ጃንጥላ በብብቱ ሸጉጦ ብስብስ ያለው ደግሞ ጉደር ላለችው ለሚወዳት ለሃዊ ደረቁን ላድርስላት ብሎ ነው።

እንዲህ ያለ አፍቃሪ የሌለበት ከተማ የለም። የአዲስ አበባ ልጆች ከቲክቶክ ለቅመው «ሲምፕ» ይሉታል። አምቦ ግን የራሷ ቃል አላት፦ «ኤጊ»። በኦሮምኛ «ጠብቅ» ማለት ነው። ቃሉን ለከተማው ያዳረሰችው መናኸሪያው አጠገብ ጁስ ቤት ያላት አዴ ወርቂቱ ናት፤ ምንጩ ግን ራሱ ፍሮምሳ ነው።

ሃዊ ጉደር ካምፓስ ተማሪ ሳለች ደወለላት። እንደ ምንም ትንፋሹን ሰብስቦ «እወድሻለሁ» አላት።

«ፍሮምሳ፣ ኤጊ!» አለችው። ስልኩ ተቋረጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን መልሶ ይደውል ነበር። እሱ «ጠብቅ ተብያለሁ» ብሎ ጠበቀ።

ሲጠብቅም እጁን አጣጥፎ አይደለም። ስትመረቅ ፍራሿን ተሸክሞ ከዶርም ያወጣው እሱ ነው። የአጎቷ በሬ ጌዶ ገበያ ላይ ጠፍቶ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ሲመለስ፣ ፍሮምሳ በሬውን እየጎተተ ከተፍ አለ። ጅሩ የሚባል የባንክ ሠራተኛ ሽማግሌ ሊልክባት ሲነሳማ አንድ ሽማግሌ ጎደለ። ማን ሞላ? ኦቦ ፍሮምሳ! ጋቢ ተውሶ።

«አንተ፣ ለባላንጣህ ሽማግሌ ትሆናለህ?» አለችው ወርቂቱ።

«ምን ላድርግ አዴ፣ ቤቷ የምገባበት ሌላ ምክንያት አጣሁ።»

ሃዊ ጅሩን አልፈልግም አለች። ፍሮምሳንም ምንም አላለችውም። ከዚያ ወዲህ በአምቦ የሴት ልጅ ቦርሳ ይዞ የታየ ወንድ ሁሉ «ኤጊ ሆነ!» ይባላል።

ቅዳሜ ዕለት ሃዊ የቃሉን ምንጭ ሰምታ እየተንጨረጨረች ፍሮምሳ ወደተቀመጠበት የወርቂቱ ጁስ ቤት መጣች።

«ስማ ፍሮምሳ! ያን ቀን ኤጊ ያልኩህ መንገድ ስሻገር ባጃጅ መጥቶብኝ ነው! ቆይ፣ ይለፍ ማለቴ ነው!»

ቤት ሙሉ ሰው አውካካ። ስሙን ያወጣችለት ወርቂቱ ግን አልሳቀችም። የጁስ መፍጫውን አጥፍታ፣ እንደ ገዛ ልጇ ጉዳይ በሆዷ «በይ እንጂ፣ አንድ ቃል ወርውሪለት» እያለች ሃዊን ታያት ጀመር። ፍሮምሳ አልደነገጠም። ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ ጠየቃት፦

«ታዲያ ባጃጁ አለፈ?»