ዳማው ቀን አለው

ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሰው ነኝና ብሳሳት አትፍረዱብኝ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ግን «እውነት ወይም ሐሰት» ተብሎ ሲጠየቅ «እንደ ሁኔታው» ብሎ የጻፈ ልጅ ዜሮውን ታቅፎ ነበር ቤቱ የሚገባው። ከትምህርት ቤት ስትወጡ እንጀራ የሚበላው እሱ ነው። መብራቱ መቼ ይመጣል ብላችሁ ብትጠይቁ «እየተሠራ ነው» ትባላላችሁ። ማን እንደሚሠራው፣ የት እንደሚሠራው አትጠይቁ። ስልክ ውስጥ ያለችዋ ሴትዮ እንኳ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የባለቤቴን ቁጥር በደወልሁ ቁጥር፣ «በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች። በአሁኑ ሰዓት! በሌላው ሰዓትስ? እሷም አልዋሸች፤ እኔም አላገኘሁት።

ባለቤቴ ከጫግኒ ወዲያ፣ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ እንደ ወረደ ቀረ። አብረውት የወረዱት ተመለሱ። ስለ እሱ ሲጠየቁ መሬት መሬት እያዩ «ከተለያየን ቆየን» ይላሉ። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም። አማቴ ጥቁር አይለብሱ፣ ነጭ አይለብሱ፤ እኔም ሚስት አልሆን፣ መበለት አልሆን።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አማቴ አንድ ቀን ከእንጅባራ አስነስተው ዳንግላ፣ አንድ አዋቂ ዘንድ ወሰዱኝ። ከመናኸሪያው ጋሪ ያዝን። በማርያም ቤተ ክርስቲያን በር ስናልፍ አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ተሳለሙ፤ ማርያም እንዳታያቸው ይሁን እንድትረዳቸው እስካሁን አልገባኝም። ባለጋሪው ዞር ብሎ፣

«አዋቂው ዘንድ ነው አይደል እማማ?» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«በዝምታችሁ። ሁለት ሰው ወስጄ ሁለት ዓይነት መልስ ይዤ ያልተመለስሁበት ቀን የለም።»

«አንተ ፈረስህን እይ!»

አዋቂው ጋቢ የደረበ፣ በየመሀሉ ስልኩን የሚያይ ሰው ነው። አማቴ ተንበርክከው፣ «ልጄ አለ ወይስ የለም? አንዱን ይንገሩኝ፤ የመጣው ይምጣ» አሉ።

ዓይኑን ጨፈነ። «ፈረስ አለው?»

አዊ ምድር ላይ ፈረስ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ፣ በክረምት «ዝናብ ይታየኛል» እንደ ማለት ነው። አማቴ ግን ይህንንም አወቀ ብለው፣ «ዳማ ፈረስ አለው!» አሉ።

«አደራ፣ እንዳትሸጡት። ቀን አለው። ሸልማችሁ የምታወጡበት ቀን እየመጣ ነው።»

አማቴ እልልታቸውን አቀለጡት። እኔ ሌላ አሰብሁ። በእኛ አገር ፈረስ ተሸልሞ የሚወጣው ለደስታ ብቻ ነው እንዴ? ባለቤቱ ሲሞትም በዚያው ጌጥ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ ለቅሶው መሀል ይዞራል። ልጃቸው መጣም ሞተም ፈረሱ ይወጣል። ሰውየው የሚሳሳትበትን በር ሁሉ ዘግቶ ነው የተናገረው። ይህን ለአማቴ ብነግራቸው ምን እጠቅማቸዋለሁ? ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውሁት።

ከዚያ ወዲህ ዳማው እንደ ሙሽራ ተያዘ። ሣር እኔ አጭዳለሁ፤ ገላውን አማቴ ያሹታል። እሳቸው ለአቀባበሉ፣ እኔ ለለቅሶው፣ አንድ ፈረስ እንቀልባለን። ባለፈው ሳምንት ግን አማቴ ጋማውን እያበጠሩ ሳሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣

«አንቺ፣ ያ ሰውዬ ያለው ለለቅሶም ይሆናል እኮ» አሉኝ።

«ያውቁ ነበር እንዴ እማዬ?»

«የባሌን ፈረስ ለለቅሶ የሸለምሁት እኔ አይደለሁም? እልል ያልሁት አንቺ እንድታምኚ ብዬ ነው። ልጅ ነሽ፤ ገና ብዙ ጉልበት ያስፈልግሻል።»

እኔም ዝም ያልሁት ለእርስዎ ብዬ ነበር ልላቸው አፌን ስከፍት፣ አባቷን በፎቶ ብቻ የምታስታውሰው የአራት ዓመቷ ልጄ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«እማ፣ አባዬ መጥቶ ዳማውን ይጋልበዋል?»

አማቴ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ አማቴ አየሁ። ፈረሱ ሣሩን ያኝካል።

«ዳማው ቀን አለው» አልኋት።

እልል አለች።