ቶራኮፓገስ በእትዬ ዘርፌ ግቢ

የበሽታውን ስም ሲያገኝ በሽተኛው የዳነለት የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎረቤቴ ነው። ሙሉጌታ ይባላል፤ ከጤና ኮሌጅ ከተመረቀ ገና ዓመቱ ነው። እሱ ፊት ማሳል አይቻልም፤ ለሳላችሁ ወዲያው ስም ያወጣለታል። መድኃኒቱስ? እሱን ሌላ ሰው ጠይቁ።

ባለፈው ቅዳሜ የእትዬ ዘርፌ ፍየል ምጥ ጠናባት። ያለቻቸው ፍየል ያቺው አንዷ ናትና እዚህ ቡታጅራ የእኛ ሰፈር ሰው በሙሉ ግቢያቸው ተሰበሰበ። ግልገሎቹ ሁለት ናቸው፤ ደረታቸው ተጣብቆ አልወጣ አሉ። እትዬ ዘርፌ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ቅቤ ቀብተው ይታገላሉ።

ሙሉጌታ ስልኩን እየነካካ ደረሰ።

«ቶራኮፓገስ!» አለ በደስታ። «በደረት የተጣበቁ መንታዎች እንደዚያ ነው የሚባሉት።»

«እግሯን ያዝልኝ ልጄ!»

«ቆይ እትዬ፣ በሆድ ብቻ ከሆነ እኮ ኦምፋሎፓገስ ነው። በጭንቅላት ቢሆን ደግሞ ክራኒዮፓገስ...»

እግሯን እኔ ያዝኩ። ምን ላድርግ? ግሪክኛ አልችል!

ፍየሏ ተረፈች፤ ግልገሎቹ ግን ሞተው ወጡ። እትዬ ዘርፌ እጃቸውን ታጠቡና አካፋ አምጥተው ለሙሉጌታ ሰጡት።

«ስም ያወጣህላቸው አንተ ነህ፤ በል፣ አንተው ቅበራቸው።»

ሙሉጌታ ግልገሎቹን ትክ ብሎ አያቸው። ስልኩን አየ። እንደገና ግልገሎቹን አየ። ከዚያ፣ ካወቅሁት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በጠራ አማርኛ ጠየቀ፦

«እትዬ፣ የምቆፍረው አንድ ጉድጓድ ነው ሁለት?»